ቱቦው ከክሩ ጋር እስኪገናኝ፦ የቀደምት ቴሌስኮፖችና የአዲሱ ሥነ ፈለክ ልደት

ፍሎረንስ ውስጥ፣ ከአርኖ ወንዝ ዳር ባለው የጋሊሊዮ ሙዚየም፣ ሁለት ያረጁ ቱቦዎች በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። አንደኛው በቆዳ ተለብጦ ወርቃማ ጌጥ የተደረገበት የእንጨት ቱቦ ሲሆን ርዝመቱ አንድ ሜትር አይሞላም፤ ሌላው በወረቀት የተሸፈነ፣ ጌጥ የሌለው ነው። እዚያው የተሰነጣጠቀ ትንሽ ሌንስ አለ፤ በ1677 አንድ ቀራጭ ከዝሆን ጥርስ ባበጀለት ክፈፍ መካከል እንደ ንዋየ ቅድሳት በክብር ይታያል። ጋሊሊዮ ጋሊሌይ ከሠራቸው ቴሌስኮፖች እስከ ዘመናችን ሙሉ ሆነው የደረሱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በ2009 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ዓመት ሲከበር አንደኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ከጣሊያን ወጥቶ ፊላደልፊያ በሚገኘው ፍራንክሊን ኢንስቲትዩት ለሕዝብ ታይቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ዐውደ ርእይ የጎበኘ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ አጭር ታሪክ ይዞ ይወጣል። አንድ መነጽር ሠሪ ቴሌስኮፕን ፈለሰፈ፤ ጋሊሊዮ ወደ ሰማይ አቀናው፤ ያየውን ተናገረ፤ ቤተ ክርስቲያን ፈረደችበት፤ ሥነ ፈለክም ተወለደ። አንድ በአንድ ሲታዩ ነገሮቹ ብዙም ስህተት የለባቸውም። የጎደለው መካከሉ ነው። ጋሊሊዮ ጨረቃን ካየበት ሌሊት አንሥቶ ምድር ለመንቀሳቀሷ ቀጥተኛ ማስረጃ እስከተገኘበት ቀን ድረስ ወደ 120 ዓመት ተቆጥሯል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቴሌስኮፑ ከማሳያነት ወደ መለኪያነት ተለወጠ። የአዲሱ ሥነ ፈለክ ልደት መቆጠር ያለበት ከዚህ ለውጥ ነው የሚለውን ሐሳብ ከዚህ በታች በየዘመኑ ማስረጃ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ከ1608 በፊት፦ በዐይን ብቻ የተለካ ሰማይ

ሰማይን መመርመር በቴሌስኮፕ አልተጀመረም። የባቢሎን ጸሐፍት ከክርስቶስ ልደት ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድመው የጨረቃንና የፕላኔቶችን አካሄድ በሸክላ ጽላት ላይ ይመዘግቡ ነበር። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ላይ የኖረው በጥሊሞስ ምድርን መካከል አድርጎ ያዋቀረው ሥርዓት 1400 ዓመት ያህል ሠርቷል። የእኛው ባሕረ ሐሳብም ከዚያችው ከእስክንድርያ የቀመር ትምህርት ጋር የተዛመደ ነው፤ የ19 ዓመቱን የፀሐይና የጨረቃ ዑደት ይዞ ትንሣኤ የሚውልበትን ቀን ለማውጣት ሌንስ አላስፈለገውም። በ1543 ኮፐርኒከስ ፀሐይን መካከል ሲያደርግም በእጁ አንድም ቴሌስኮፕ አልነበረም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመው የዴንማርካዊው የታይኮ ብራሄ ሥራ ነው። ከ1576 ጀምሮ ንጉሡ በሰጠው በህቬን ደሴት ላይ ግዙፍ የማዕዘን መለኪያዎችን አስተክሎ የከዋክብትንና የፕላኔቶችን ቦታ ሃያ ዓመት ያህል መዘገበ። ምርጦቹ ልኬቶቹ ከእውነተኛው ቦታ የሚርቁት የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል ገደማ ነበር፤ የሰው ዐይን ከዚህ ብዙም ማለፍ አይችልም። ታይኮ በ1601 ፕራግ ላይ ሲሞት መዝገቡ ረዳቱ በነበረው በዮሐንስ ኬፕለር እጅ ገባ። ኬፕለር የማርስን መንገድ በክብ ምሕዋር ለማስላት ሲሞክር ከታይኮ ልኬት ጋር የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል 8 እጥፍ ያህል ልዩነት አገኘ። የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ቢሆኑ ልዩነቱን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም ነበር። ኬፕለር ግን መዝጋቢው ታይኮ መሆኑን ስለሚያውቅ ክቡን ትቶ ሞላላውን ምሕዋር ያዘ። መጽሐፉ የወጣው በ1609፣ ጋሊሊዮ ቱቦውን ወደ ጨረቃ ባቀናበት በዚያው ዓመት ነው። በፕላኔቶች ትምህርት ላይ የመጣው እጅግ ጥልቅ ለውጥ እንግዲህ ከሌንስ ሳይሆን ከትክክለኛ ልኬት ተወለደ፤ ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ቢይዝልኝ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

ሌንስማ ከቆየ ቆይቷል። ጣሊያን ውስጥ የንባብ መነጽር መሠራት የጀመረው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ታዲያ ሁለት ሌንሶችን ደርድሮ ሩቁን ለማቅረብ ለምን 300 ዓመት ፈጀ? አጥጋቢ ሆኖ የማገኘው መልስ የዘመኑን ሌንሶች አንድ በአንድ የፈተሸው የስዊዘርላንዳዊው የሮልፍ ቪላክ ነው። የጥንት መነጽር ሠሪ ብርጭቆውን ሲሞርድ መካከሉ ይስተካከልለታል፤ ወደ ጠርዙ ግን ቅርጹ ይበላሻል። ዐይን በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው የሌንሱን ጥቂት ክፍል ብቻ ስለሆነ ለንባብ ይህ ጉዳት የለውም። በቴሌስኮፕ ግን የጠርዙ ብልሽት ምስሉን በሙሉ ያደበዝዘዋል። መፍትሔው ሌንሱን መካከሉ በተበሳ ክዳን መሸፈንና ብርሃኑ በደህናው ክፍል ብቻ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ነገሩ ሲታወቅ ቀላል ነው፤ ሆኖም ሩቅን አጥርቶ ለማየት ብርሃን መቀነስ ያስፈልጋል ብሎ ለማሰብ ማን ይደፍራል?

1608፦ በሄግ ማማ ላይ

በ1608 መጨረሻ ወራት ሄግ በመልእክተኞች ተጨናንቃ ነበር። ሆላንዶች ለአርባ ዓመት የተዋጓትን ስፔንን ለእርቅ ይደራደሯታል። በዚያ ሰሞን ሃንስ ሊፐርሄይ የተባለ የሚድልበርግ መነጽር ሠሪ ከሩቅ የሚያሳይ ዕቃ ይዞ መጣና ለጦር አዛዡ ለልዑል ሞሪትስ አሳየ። ከማማው ላይ ሆነው የዴልፍትን የሰዓት ማማና የላይደንን ቤተ ክርስቲያን መስኮቶች ለዩ። በእንግድነት እዚያው የነበረው የስፔን ወገን የጦር አለቃ ስፒኖላ፣ ከእንግዲህ ከሩቅ ስለምታዩኝ ደኅንነቴ አከተመ ማለቱ ተተርኳል። ሰማይን በዚያች ሰዓት ያነሣው አልነበረም፤ ዕቃው የጦር ሜዳ ዕቃ ነው።

ሊፐርሄይ ኦክቶበር 2 ቀን የብቸኛ ባለመብትነት ፈቃድ እንዲሰጠው ለምክር ቤቱ አመለከተ። ሳምንታት ሳያልፉ ያዕቆብ ሜቲየስ የተባለ የአልክማር ሰው እኔም አውቀዋለሁ ብሎ ቀረበ፤ ሌላም ተሰማ። ምክር ቤቱ ዕቃው ብዙ ሰው የሚያውቀው ሆኗል በማለት ፈቃዱን ነፈገው፤ ነገር ግን ለሁለት ዐይን የሚሆኑ እንዲሠራ አዝዞ በጠቅላላው 900 ጊልደር ከፈለው። ፈልሳፊው ማን ነበር የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ደራሲያንን ያዋጋል። ለዚህ ትረካ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ፈቃዱ መከልከሉ ነው። ምስጢሩ በአንድ ሰው እጅ ስላልታሰረ ወሬው በጥቂት ወራት አውሮፓን አዳረሰ፤ የሲያም ንጉሥ መልእክተኞች ሄግ መግባታቸውን ለማብሰር በታተመች ትንሽ ጽሑፍ ውስጥ ሳይቀር ተጨምሮ ተሰራጨ። በ1609 መጀመሪያ አጋማሽ ፓሪስ ላይ ቱቦዎቹ በሱቅ ይሸጡ ነበር።

1609–1610፦ የመድፍ ጥይትና የኦርጋን ቱቦ

በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ የሚያስተምረው ጋሊሊዮ ወሬውን የሰማው በ1609 አጋማሽ ነው። የሰማውን ይዞ ሦስት ጊዜ የሚያጎላ ቱቦ ሠራ፤ በኦገስት ወደ 8 አደረሰው። የቬኒስን ሹማምንት የቅዱስ ማርቆስ ደወል ቤት ላይ አውጥቶ፣ በባዶ ዐይን ከመታየታቸው ሁለት ሰዓት ቀድሞ የሚመጡ መርከቦችን አሳያቸው። ዕቃውን ለቬኒስ መስፍን በስጦታ ሰጠ፤ ደመወዙም ለዕድሜ ልክ በዓመት 1000 ፍሎሪን እንዲሆን ተወሰነለት። እስከዚህ ድረስ ጋሊሊዮ ከሌሎቹ ቱቦ ሠሪዎች የተለየ ነገር አላደረገም፤ ዋጋውን በደንብ ማስከፈሉ ካልተቆጠረ በቀር።

ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በኖቬምበር 1609 በደረሰው ደብዳቤ ጀርባ ላይ የጻፈው የገበያ ዝርዝር ዛሬም አለ። ምስር፣ ሽምብራ፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ በርበሬና ቅርንፉድ፣ ለልጁም ነጠላ ጫማና ባርኔጣ ይላል። ከነዚሁ መካከል የመድፍ ጥይት፣ የቆርቆሮ የኦርጋን ቱቦ፣ የጀርመን ብርጭቆ፣ የሚያለሰልስ ዱቄትና ዝፍት ተጽፈዋል። የመድፍ ጥይቱ ለጦርነት የተፈለገ አይደለም፤ ክብ ስለሆነ የዐይን ሌንሱ በላዩ እየተሞረደ ይጎደጉዳል። እስከ 1610 መጀመሪያ ከ60 በላይ ቱቦዎች ሠርቶ ሰማይን ለማየት የበቁት ጥቂቶች ብቻ እንደነበሩ ራሱ ጽፏል። በ1609 መጨረሻ የያዘው ዕቃ 20 ጊዜ ያጎላ ነበር። በአንድ እይታ የሚያሳየው ግን የጨረቃን ሩብ ያህል ብቻ ነው፤ ጨረቃን በሙሉ ለመሣል ቱቦውን ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ግድ ይላል።

ጨረቃን በቴሌስኮፕ ያየ የመጀመሪያው ሰው እርሱ አይደለም። እንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪየት ከወራት በፊት፣ በጁላይ 1609፣ ለንደን አቅራቢያ ሆኖ 6 ጊዜ በሚያጎላ ቱቦ አይቶ ሥሏታል። ሥዕሉ የብርሃንና የጨለማ ድንበሯን በተወላገደ መስመር ከማሳየት አልፎ ብዙም አይናገርም። የጋሊሊዮን መጽሐፍ ካየ በኋላ በሣላት ጨረቃ ላይ ግን ክብ ጉድጓዶች ብቅ አሉ። ጋሊሊዮ የሥዕል ትምህርት ስለነበረው ጥላ የቅርጽ ምስክር መሆኑን ያውቃል። ከድንበሩ ወዲያ በጨለማው ውስጥ የሚያበሩት ነጥቦች ፀሐይ የነካቻቸው የተራራ ጫፎች መሆናቸውን ተረዳና ከርቀታቸው ተነሥቶ የተራሮቹን ቁመት አሰላ፤ ከ4 የጣሊያን ማይል በላይ ሆነለት። ሥሌት ባይጨምርበት ያ ብርሃን ነጠብጣብ ሆኖ በቀረ ነበር።

የጁፒተር ነገር ይህን ይበልጥ ያጎላዋል። ጃንዋሪ 7 ቀን 1610 ማታ በፕላኔቷ አጠገብ ሦስት ጥቃቅን ከዋክብት በአንድ መስመር ተሰልፈው ታዩት፤ ሁለቱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ። ተራ ከዋክብት መሰሉት። በማግስቱ ሦስቱንም በምዕራብ አገኛቸው። ከዋክብቱ ቋሚ ከሆኑ ጁፒተር ወደ ምሥራቅ ሄዳለች ማለት ነው፤ የዘመኑ ሠንጠረዥ ግን በዚያ ሰሞን ወደ ምዕራብ እንደምትጓዝ ይናገራል። በወሩ 9ኛ ሌሊት ደመና ሆነ። በ10ኛው ሁለት ብቻ ታዩ፣ ሁለቱም በምሥራቅ። በ13ኛው አራት ሆኑ። ሠንጠረዡን የማያውቅ ሰው በ8ኛው ሌሊት ምንም የሚያስደንቀው ነገር ባላገኘ ነበር። ጋሊሊዮ እስከ ማርች 2 ድረስ ያየውን በየሌሊቱ እየመዘገበ ቆይቶ ማርች 13 ቀን የከዋክብት መልእክተኛ የተሰኘውን መጽሐፉን በ550 ቅጂ ቬኒስ ላይ አወጣ። አራቱን ጨረቃዎች በሜዲቺ ቤተሰብ ስም ሰየማቸው፤ በዚያው ዓመትም ወደ ፍሎረንስ ተሻግሮ የኮሲሞ ሜዲቺ የቤተ መንግሥት ሊቅ ሆነ።

1610–1633፦ ማን ይመስክር?

በኤፕሪል 1610 ጋሊሊዮ ቱቦውን ይዞ ቦሎኛ ሄደ፤ የሥነ ፈለክ መምህሩ ማጂኒ ቤት ብዙ ሊቃውንት ተሰብስበው አዩ። አብዛኞቹ አዲሶቹን ጨረቃዎች አጥርተው ሊያዩ አልቻሉም። ማርቲን ሆርኪ የተባለ ወጣት ለኬፕለር ሲጽፍ ዕቃው በምድር ላይ ድንቅ ቢሠራም በሰማይ ላይ ያታልላል አለ። የፓዱዋው ፈላስፋ ክሬሞኒኒ ደግሞ ቱቦው ራስ ያዞራል ብሎ ተወው። በኋላ ዘመን እነዚህን ሰዎች ማሾፊያ ማድረግ የተለመደ ነው። ፍርዱ ግን የቸኮለ ይመስለኛል። በጠባቧ ቀዳዳ ያልለመደ ዐይን የሚያየው ጭላንጭልና ቀለም ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ቱቦው እንዴት እንደሚሠራ በንድፈ ሐሳብ ያስረዳ ሰው እስከዚያ አልነበረም። ሕንፃን ሲያሳይ ሄዶ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ጁፒተር ጋ ግን ማን ሄዶ ይመለሳል?

መልሱ የመጣው ከኬፕለር ነው። በፕራግ የንጉሠ ነገሥቱ የሂሳብ ሊቅ የነበረው ኬፕለር፣ ጋሊሊዮ ለኮሎኙ መስፍን የላከውን ቴሌስኮፕ በኦገስት መጨረሻ ለጥቂት ቀናት ተውሶ አገኘ። ከጓደኞቹ ጋር ሲመለከት እያንዳንዱ ሰው ያየውን ሌላው ሳያይበት በጠመኔ እንዲሥል አደረገ፤ ከዚያ ሥዕሎቹን አስተያዩ። ገጠሙ። አንድ ሰው አየሁ የሚለው ነገር ለብቻቸው ያዩ ሰዎች ምስክርነት ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ባወጣው መጽሐፍ ደግሞ ብርሃን በሌንሶች ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ አስረዳ፤ በጋሊሊዮ ቱቦ የዐይን ሌንሱ ጎድጓዳ ሲሆን እርሱ ሁለቱም ሌንሶች ያበጡ የሆኑበትን ሌላ አሠራር አቀረበ። ምስሉን ገልብጦ ስለሚያሳይ ለመርከበኛ አይመችም፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያደረገውን ግን ቆይተን እናየዋለን። በሮማ ያሉት የኢየሱሳውያን ኮሌጅ የሂሳብ ሊቃውንትም መጀመሪያ ቢጠራጠሩም፣ የተሻለ ዕቃ ሲያገኙ ጨረቃዎቹን አዩና በ1611 ጋሊሊዮን በክብር ተቀበሉት።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። በ1610 መጨረሻ ጋሊሊዮ ቬነስ እንደ ጨረቃ ስትሞላና ስትጎድል አይቷል፤ በበጥሊሞስ ሥርዓት ይህ ፈጽሞ አይሆንም። አዲሱ ሥነ ፈለክ በዚያች ሌሊት አልተወለደም ወይ? የበጥሊሞስ ሥርዓት በዚህ መውደቁ እርግጥ ነው። የኮፐርኒከስ ሥርዓት መነሣቱ ግን ከዚህ አይከተልም። ታይኮ ብራሄ ከሞቱ በፊት ሦስተኛ መንገድ ትቶ ነበር፦ ምድር ቆማ ፀሐይ ትዞራታለች፤ ፕላኔቶቹ ፀሐይን ይዞራሉ። በዚህም ቬነስ ልክ ጋሊሊዮ እንዳያት ትሞላለች፣ ትጎድላለች። በ1651 ኢየሱሳዊው ሪቺዮሊ ስለ ምድር መንቀሳቀስ 49 የድጋፍና 77 የተቃውሞ ክርክሮችን ሰብስቦ ወደ ታይኮ ወገን አዘነበለ፤ ከክርክሮቹ አንዱንም ያገኘው ከቴሌስኮፕ ነው። ቴሌስኮፕ ከዋክብትን እንደ ትናንሽ ክቦች ያሳያል። ምድር ፀሐይን የምትዞር ከሆነ ከዋክብት በስድስት ወር ልዩነት ቦታ የቀየሩ መምሰል ነበረባቸው፤ አልመሰሉም። እጅግ ስለራቁ ነው ቢባል ደግሞ፣ ያን ያህል ርቆ ይህን ያህል ሰፍቶ የሚታይ ኮከብ ከምድር ምሕዋር በሙሉ ሊተልቅ ነው። ክርክሩ የሞኝ አይደለም። ክቡ ምስል ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የሚፈጥረው መሆኑን ጆርጅ ኤይሪ በሂሳብ ያሳየው በ1835 ነው።

ቤተ ክርስቲያን በ1616 በኮፐርኒከስ ትምህርት ላይ የጣለችው እገዳና በ1633 በጋሊሊዮ ላይ የሰጠችው ፍርድ ብዙ የተነገረ ታሪክ ነው። እዚህ ላይ የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው፤ በፍርዱ ዘመን ቴሌስኮፑ ፍርዱን የሚያፈርስ ማስረጃ ገና አልወለደም ነበር።

1631–1659፦ ረጃጅሞቹ ቱቦዎች

ኖቬምበር 7 ቀን 1631 ፓሪስ ውስጥ ፒየር ጋሴንዲ በጨለማ ክፍል ሆኖ የፀሐይን ምስል በቴሌስኮፕ ወረቀት ላይ ጣለ። ከዓመት በፊት የሞተው ኬፕለር በዚያ ቀን ሜርኩሪ በፀሐይ ፊት እንደምታልፍ ተንብዮ ነበር። ጋሴንዲ ያየው ጥቁር ነጥብ እጅግ ስላነሰበት የፀሐይ ጉድፍ መስሎት ነበር፤ ፍጥነቱ ግን ማንነቷን ነገረው። የኬፕለር ሠንጠረዥ ከቀደሙት ሁሉ ይበልጥ ወደ እውነት ቀርቦ ተገኘ። እንደኔ እምነት ለፀሐይ መካከልነት ከጁፒተር ጨረቃዎች የበለጠ የመሰከረው ይህ የሠንጠረዥ ትክክለኛነት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት የርዝመት ውድድር ናቸው። ብርሃን በሌንስ ሲያልፍ ቀለሙ ስለሚበተን በምስሉ ዙሪያ ቀስተ ደመና ይታያል፤ የሌንሱ እብጠት በቀነሰ ቁጥር ችግሩ ይቀንሳል፤ እብጠቱ ሲቀንስ ግን ቱቦው ይረዝማል። የዳንዚግ ከተማ የቢራ ጠማቂና የከተማ ሹም የነበረው ዮሐንስ ሄቬሊየስ 46 ሜትር የሚደርስ ቴሌስኮፕ በምሰሶና በገመድ ሰቀለ። ለማንቀሳቀስ ብዙ ሰው ያስፈልጋል፤ ነፋስ ሲነሣም ይወዛወዛል። ያን ያህል ተደክሞበት ያስገኘው ጥቅም ትንሽ ነው።

ክርስቲያን ሃይገንስ በ1655 ከወንድሙ ጋር ሌንስ ሞርዶ የሳተርንን ትልቁን ጨረቃ ያገኘው ከዚህ እጅግ ባጠረ ቱቦ፣ 50 ጊዜ ያህል በሚያጎላ ዕቃ ነው፤ ሌንሱ ዛሬ በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛል። ሳተርን ራሷ ከ1610 ጀምሮ ሰዎችን ግራ ስታጋባ ኖራለች። ጋሊሊዮ መጀመሪያ ሦስት አካል አድርጎ አያት፤ በ1612 ሁለቱ ጠፉበት፤ በኋላ ደግሞ እጀታ ያላት መሰለችው። ሃይገንስ በ1659 ፕላኔቷን የትም ሳይነካ የከበባት ስስ ቀለበት እንዳለና የሚጠፋውም በጠርዙ በኩል ሲታይ እንደሆነ አስረዳ። የተሻለ ማጉያ ብቻውን ይህን አይሰጥም። የሃምሳ ዓመት ሥዕሎችን ከሳተርን መንገድ ጋር ማስላት አስፈልጎታል።

1640–1679፦ ክር፣ ሰዓትና ሠንጠረዥ

ዋናው መታጠፊያ ያለ ወሬ አለፈ። በ1640 አካባቢ እንግሊዛዊው ዊልያም ጋስኮይን በቴሌስኮፑ ውስጥ ሸረሪት ያደራችው ክር ከሚያየው ነገር ጋር እኩል ጠርቶ ታየው። ቱቦው በኬፕለር አሠራር የተሠራ፣ ሁለቱም ሌንሶቹ ያበጡ ነበር። በዚህ አሠራር ብርሃኑ በቱቦው ውስጥ ተሰብስቦ ምስል የሚሠራበት ቦታ አለ፤ እዚያ ቦታ ላይ የተዘረጋ ክር ከኮከቡ ጋር አብሮ ይታያል። በጋሊሊዮ ቱቦ ይህ አይቻልም፤ ጎድጓዳው ሌንስ ብርሃኑን ምስል ሳይሠራ ይቀበለዋልና። ጋስኮይን ክሮቹን በጥምዝ ብሎን የሚያቀራርብና የሚያራርቅ መለኪያ፣ ማለትም ማይክሮሜትር፣ ሠራ። በ1644 በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ማርስተን ሙር ላይ ሞተና ሥራው ተቀበረ። ሃሳቡ እንደገና የተነሣው በ1660ዎቹ አጋማሽ ፓሪስ ላይ በሥነ ፈለክ ሊቃውንቱ በኦዙና በፒካር እጅ ነው። በዚያው ዘመን ሃይገንስ የሠራው የፔንዱለም ሰዓት ደረሰ፤ በ1667 የፓሪስ፣ በ1675 የግሪንዊች የሰማይ መመልከቻ ማዕከሎች ተመሠረቱ። ቱቦው ከክሩና ከሰዓቱ ጋር የተገናኘው እዚህ ነው።

ሄቬሊየስ ግን እንቢ አለ። ጨረቃን በቴሌስኮፕ ያጠና ሰው ሆኖ ሳለ፣ የከዋክብትን ቦታ ሲለካ በባዶ ዐይን መለካቱን አልተወም፤ ሮበርት ሁክ በ1674 በጽሑፍ ቢዘልፈውም አልተመለሰም። በ1679 ወጣቱ ኤድመንድ ሃሌይ ባለክር ቴሌስኮፕ ይዞ ዳንዚግ ሄዶ አብሮት ለካ፤ የሽማግሌው ልኬት ከእርሱ የማያንስ መሆኑን አይቶ ተደነቀ። ይህ ለእኔ ክርክር ከሁሉም የከበደ ተቃውሞ ነው፦ በባዶ ዐይን እኩል ከተለካ ክሩ ምን ጨመረ? መልሱ በጣሪያው ላይ ነው። ሄቬሊየስ የደረሰበት የመጨረሻው ጫፍ ነበር፤ ዐይን ከዚያ አያልፍም። ባለክሩ ቴሌስኮፕ ግን ገና መጀመሩ ነበር፤ ብሎኑ በረቀቀ ቁጥር ልኬቱም ይረቅቃል።

ፍሬው ወዲያው ታየ። በ1672 የሥነ ፈለክ ሊቃውንቱ ካሲኒ ከፓሪስ፣ ሪሼ ከደቡብ አሜሪካዋ ካየን ሆነው ማርስን በአንድ ሰሞን ለኩ፤ ከዚያ የተሰላው የፀሐይ ርቀት ወደ 140 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሆነ። እውነተኛው 150 ሚሊዮን ገደማ ነው። በበጥሊሞስ ሂሳብ ፀሐይ 8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር እንኳ አትርቅም ነበር። የጁፒተር ጨረቃዎች ደግሞ ከድንቅ ነገርነት ወደ ሰዓትነት ተለወጡ። የግርዶሻቸው ሠንጠረዥ በየትም ሀገር ሰዓትን ለማመሳከርና ኬንትሮስን ለማውጣት ያገለግል ጀመር። ሊቃውንቱ በዚህ መንገድ የፈረንሳይን ካርታ ቢያርሙ የምዕራቡ ጠረፍ ወደ ውስጥ ገባ፤ ንጉሡ ሉዊ 14ኛ ከጠላት ይልቅ እነዚህ ሰዎች መሬት አሳጡኝ ብሎ መቀለዱ ይነገራል።

ከሠንጠረዡ ሌላም ያልተጠበቀ ነገር ወጣ። ዴንማርካዊው ኦሌ ሮመር በፓሪስ ማዕከል ሲሠራ የአንደኛዋ ጨረቃ ግርዶሽ ምድር ከጁፒተር ስትርቅ እየዘገየ፣ ስትቀርብ እየቀደመ መምጣቱን አስተዋለ። ኖቬምበር 9 ቀን 1676 የሚጠበቀው የጨረቃዋ ከግርዶሽ መውጫ በ10 ደቂቃ እንደሚዘገይ አስቀድሞ ተናገረ፤ ዘገየም። ብርሃን የምድርን ምሕዋር ለመሻገር 22 ደቂቃ ይፈጅበታል አለ፤ ዛሬ የሚታወቀው 17 ደቂቃ ገደማ ነው። ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ካሲኒ ራሱ ይህን ማብራሪያ አልተቀበለም። በባሕላዊው ትርክት ውስጥ ሮመር ብዙ ጊዜ አይጠቀስም፤ በዐይን የሚታይ አዲስ ነገር ስላላገኘ ይሆናል።

1668–1789፦ መስታወት በሌንስ ቦታ

ኒውተን ቱቦዎቹን ያስረዘመው የቀለም መበተን በሌንስ ፈጽሞ አይታረምም ብሎ በ1668 በሌንስ ፈንታ ከብረት ቅይጥ የተሠራ ጎድጓዳ መስታወት ያለበት፣ ስንዝር የማታክል ቴሌስኮፕ ሠራ። በድምዳሜው ተሳስቶ ነበር፤ በ1758 ጆን ዶሎንድ በሁለት ዓይነት ብርጭቆ ቀለሙን አርሞ የፈጠራ ፈቃድ አወጣ። መስታወቱ ግን ቀጠለ። የእንግሊዟ የባዝ ከተማ ሙዚቀኛ ዊልያም ኸርሸል በገዛ እጁ ባለሰለሰው የ16 ሳንቲ ሜትር መስታወት በ1781 ዩራነስን አገኘ፤ በ1789 ደግሞ 1.2 ሜትር ስፋት ያለውን አቆመ። እህቱ ካሮላይን በ1786 የራሷን የመጀመሪያ ጅራታም ኮከብ አገኘች፤ በሚቀጥለው ዓመትም የእንግሊዝ ንጉሥ በዓመት 50 ፓውንድ ቆረጠላት።

1725–1838፦ የጎደለው ማስረጃ

በ1725 መጨረሻ ሳሙኤል ሞሊኑና ጄምስ ብራድሊ ለንደን አቅራቢያ ኪው በሚገኝ ቤት የጭስ መውጫ ላይ 24 ጫማ ርዝመት ያለው ቴሌስኮፕ አሰሩ፤ ወደ ላይ ብቻ ያያል። ጋማ ድራኮኒስ የተባለችው ኮከብ በለንደን ልክ በአናት በኩል ታልፋለች። ፍላጎታቸው በስድስት ወር ልዩነት መጠበቅ የሚገባውን የኮከብ መዛወር፣ ከኮፐርኒከስ ዘመን ጀምሮ ያልተገኘውን ማስረጃ፣ መያዝ ነበር። ኮከቧ ተዛወረች፤ ነገር ግን በተሳሳተው ወር፣ ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ። ብራድሊ የራሱን ሌላ መሣሪያ ተክሎ በብዙ ከዋክብት ላይ ሞከረው፤ ሁሉም በዓመት አንድ ጊዜ፣ የዲግሪ 180ኛ ክፍል ያህል ወዲያና ወዲህ ይላሉ። በ1728 ምክንያቱን አገኘው። ብርሃን ፍጥነቱ የተወሰነ ስለሆነ፣ በምትሮጥ ምድር ላይ ያለ ተመልካች ቱቦውን ወደሚሄድበት አቅጣጫ በጥቂቱ ማዘንበል አለበት። ምድር ብትቆም ይህ አይሆንም፤ በታይኮ ሥርዓትም አይሆንም። የሮመርን ሐሳብ ያጸናውም ይኸው ነው፤ ብራድሊ ብርሃን ከፀሐይ እስከ ምድር የሚፈጅበትን ጊዜ 8 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ አደረገው። ልዩነቱ ከሄቬሊየስ ዐይን አቅም በሦስት እጥፍ ያነሰ ስለነበር ያለ ክር ሊያገኘው የሚችል ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የተፈለገው የኮከብ መዛወር ሌላ 110 ዓመት ጠበቀ። ፍሪድሪክ ቤሴል ኮኒግስበርግ ላይ፣ ፍራውንሆፈር በነደፈው ባለተከፋፈለ ሌንስ መሣሪያ፣ 61 ሲግኒ የምትባለውን ደብዛዛ ኮከብ ከአንድ ዓመት በላይ ተከታተላት። ያገኘው መዛወር ከአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ሲሶ ያህል ነው፤ ኮከቧ ከፀሐይ ርቀት 650,000 ጊዜ ገደማ ትርቃለች ማለት ነው። ውጤቱን በ1838 አሳተመ። የኮፐርኒከስ መጽሐፍ ከተከለከሉት መጻሕፍት ዝርዝር ከወጣ በዚያን ጊዜ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር።